የማደሪያ ዋጋና የማደር መብት

በአገራችን ገጠር ፀሐይ የጠለቀችበት መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «መሽቶብኛልና አሳድሩኝ» ሲል፣ ከውስጥ የሚሰማው መልስ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል ነበር። ይህ መልስ ሲመረመር ከትሕትና ንግግር ያለፈ ነገር አለበት። ባለቤቱ ቤቱን የሠራው በገዛ እጁ፣ በገዛ እንጨቱና በገዛ ሣሩ ሆኖ ሳለ፣ ለአንዲት ሌሊት ያህል ባለቤትነቱን ለእግዚአብሔር ያስረክባል። ካስረከበም በኋላ እንግዳውን «የማን ወገን ነህ?» ብሎ ከደጅ የመመለስ ሥልጣን አይኖረውም። እግር ይታጠባል፤ የተገኘው ይቀርባል፤ ሲነጋ እንግዳው መርቆ ይሄዳል። ዋጋ የሚባል ነገር በመካከላቸው አይነሣም፤ ቢነሣም ባለቤቱን እንደ መስደብ ይቈጠር ነበር።

ሆቴል ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ሕዝቡን ግር ያለው ስለዚህ ነው። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ባቆሙት ሆቴል ምግብ በገንዘብ ገዝቶ መብላት እንደ ነውር ታይቶ፣ ብዙ ሰው በመጀመሪያ እንደ ተሳቀቀ በአፍ ታሪክ ይነገራል። እኛ ዛሬ ይህን ስንሰማ እንስቃለን። ነገር ግን እነዚያ የተሳቀቁት ሰዎች አንድ ቁም ነገር ሳይታያቸው አልቀረም። ገንዘብ በእንግዳና በአስተናጋጅ መካከል ሲገባ የቀድሞው ግዴታ ምን ይሆናል? በዋጋው ተተክቶ ይቀራልን? ወይስ ዋጋው ግዴታውን ከሰው በጎ ፈቃድ አውጥቶ ወደ ሕግ ያሸጋግረዋል? ይህን ጥያቄ በሌላ አገር፣ በቅኝ ገዥዎች ሸንጎ ውስጥ በተነሣ ጉዳይ ለመመርመር አስበናል። ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የእንግሊዝ አገር የጥንት ሕግ ለጥያቄያችን የሰጠው መልስ የሚያስደንቅ ነው። በዚያ ሕግ መሠረት መንገደኛን ማሳደር ሙያው ያደረገ ሰው እንደ ማናቸውም ነጋዴ አይታይም። ጨርቅ ሻጭ ለማን እንደሚሸጥ ለመምረጥ ነፃነት ነበረው። ባለማደሪያ ግን ባዶ ክፍል እስካለው፣ እንግዳውም የሚገባውን ለመክፈል እስከ ቻለና ጠባዩ የሚያስነውር እስካልሆነ ድረስ፣ በሩን የመዝጋት መብት የለውም። ምክንያቱም የታወቀ ነው። በዚያ ዘመን መንገዱ ቀማኛ የበዛበት ስለ ነበር፣ ከመሸ በኋላ ከበር የተመለሰ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። የእንግዳው ዕቃ በማደሪያው ውስጥ ቢሰረቅ ባለማደሪያው ተጠያቂ እንዲሆን ደግሞ በ1584 በተሰጠ ዝነኛ ፍርድ ጸንቷል። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1956 የወጣው የሆቴል ባለቤቶች ሕግ ሆቴል ማለት ምን እንደ ሆነ ሲተረጕም የጥንቱን ሐሳብ እንዳለ ይዞታል። ሆቴል ማለት ተገቢ የሆነ ዋጋ ለመክፈል የሚችልና የሚፈቅድ መስሎ ለታየ፣ ለመስተናገድም በሚበቃ ሁኔታ ላይ ላለ ለማናቸውም መንገደኛ፣ ያለ ልዩ ውል ምግብና መጠጥ፣ ሲያስፈልግም መኝታ የሚያቀርብ ቤት ነው።

አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ነገር አለ። በዚህ ትርጓሜ «ተገቢ ዋጋ» የሚለውና «ማናቸውም መንገደኛ» የሚለው ቃል በአንድ ዐረፍተ ነገር ታስረዋል። የታሰሩትም በአጋጣሚ አይደለም። በሩ ለሁሉ ክፍት ነው ተብሎ ዋጋው ግን ያለ ልክ ቢሰቀል፣ በሩ እንደ ተዘጋ ይቈጠራል። ዋጋው በልክ ተወስኖ በሩ ቢዘጋም ያው ነው። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነጥሎ የሚደነግግ ሕግ አውጪ የግማሽ ነገር ሕግ ያወጣል።

ይህ ሕግ ከተፈተነባቸው ጊዜያት አንዱ 1943 ነው። ትውልዳቸው ከትሪኒዳድ የሆነው ዝነኛው የክሪኬት ተጫዋች ሚስተር ሊሪ ኮንስታንታይን በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ የሥራ ሚኒስቴር ውስጥ የሠራተኞችን ደኅንነት የሚከታተሉ ሹም ነበሩ። ለጨዋታ ወደ ለንደን ሲመጡ ለራሳቸው፣ ለባለቤታቸውና ለልጃቸው በአንድ ሆቴል አስቀድመው ክፍል አስያዙ። ቀለማቸው ችግር እንደማያመጣም አስቀድመው ጠይቀው ተረጋግጦላቸው ነበር። ከደረሱ በኋላ ግን አሜሪካውያን እንግዶች ቅር ይላቸዋል በሚል ምክንያት ሊቀመጡ እንደማይችሉ ተነገራቸው። ወደ ሌላ ሆቴል ሄዱ፤ ነገሩንም ለፍርድ ቤት አቀረቡ። በ1944 ዳኛው ቢርኬት ባለሆቴሉ ግዴታውን አፍርሷል ብለው ፈረዱ። የተፈረደላቸው ካሣ 5 ጊኒ ነው። ገንዘቡ ኢምንት ነው፤ ነገር ግን ዳኛው የተናገሩት ቁም ነገር ገንዘብ አልነበረም። ሚስተር ኮንስታንታይን ሌላ አልጋ ስላገኙ ያጡት ነገር የለም ተብሎ ሊከራከሩ ለሚችሉ፣ መብት ከተነካ ሌላ ጉዳት መቈጠር ሳያስፈልግ ፍርድ እንደሚገባ ዐወጁ። በእኛ አስተያየት የ5 ጊኒዋ ማነስ ለነገሩ ይስማማዋል። የተሸጠ ዕቃ ቢሆን ኖሮ ዋጋው ይገመት ነበር። ከደጅ የተመለሰ ሰው ያጣው ነገር ግን በምን ሚዛን ይገመታል?

እንግዲህ ይህን ሕግ የሚኰሩበት ሰዎች ባሕር ተሻግረው አገር ሲገዙ ምን አደረጉ? በኬንያ የእንግሊዝ የጥንት ሕግ ከ1897 ወዲህ እንዲሠራበት ተደንግጎ ነበር። ነገር ግን ከድንጋጌው ጋር የገባች አንዲት ቃል አለች፤ «የአገሩና የነዋሪዎቹ ሁኔታ እስከ ፈቀደ ድረስ» የምትል። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ የዋለ ሰው እንደዚህ ያለችውን ቃል ሲያይ ወዲያው ያውቃታል። ክፍት ሆና የተተወች በር ናት፤ ሹሙ እንደ ፈቀደ የሚገባባትና የሚወጣባት። በናይሮቢ በታላላቆቹ ሆቴሎች አፍሪካዊ የሚገባው ነጭ ልብስ ለብሶ ሳሕን ለመያዝ ነበር። ሁኔታው አልፈቀደም ማለት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ሸንጎዎች ውስጥ የቤት ኪራይ፣ የሆቴል ክፍያና የማደሪያ እጥረት ብዙ አከራክሯል። ከተሞቹ በወታደርና በሹማምንት፣ በኋላም ከአውሮፓ በሚፈልሱ ሰዎች ተጨናነቁ፤ አልጋ ጠፋ፤ ዋጋ ወጣ። በኬንያ የቤት ኪራይ እንዳይጨምር የሚያግድ ሕግ በ1940 ወጣ። ክርክሩ በራሱ የሚናቅ አይደለም። ባለቤቱ የሥጋና የቅቤ፣ የከሰልና የአሽከር ደመወዝ ወጪው መጨመሩን ያሰማል። ደመወዝተኛው ደግሞ ወር ሙሉ በሆቴል አድሮ የሚቀበለው ገንዘብ ከማደሪያው እንደማያልፍ ያለቅሳል። መንግሥት በሁለቱ መካከል ቆሞ ጣራ ዋጋ ይወስናል። ወዲያው ባለሆቴሉ የአልጋውን ዋጋ እንደ ተወሰነው ትቶ የቍርሱን፣ የመታጠቢያ ውሃውን፣ የፎጣውን ሒሳብ ያበዛል፤ ለዚህም ሌላ ደንብ ያስፈልጋል። እኛም ደመወዝተኞች ስለ ሆንን በዚህ ክርክር ልባችን ወዴት እንደሚያዘነብል መደበቅ አያሻንም።

ነገር ግን ይህን ክርክር ሰምተን ስንጨርስ አንድ ነገር ይጐድለናል። «ተገቢ ዋጋ» ሲባል፣ ተገቢ የሚሆነው ለማን ነው? ዋጋ ተገቢ መሆኑ የሚመዘነው እንግዳ ሊሆኑ በሚችሉት ሰዎች አቅምና ፍላጎት ነው። ሸንጎው እንግዳ ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ የቈጠራቸው ሰዎች ከአገሩ ሕዝብ እጅግ ጥቂቱ ከሆኑ፣ የተገኘው ዋጋ የቱን ያህል በጥንቃቄ ቢሰላ በተዛባ ሚዛን የተመዘነ ነው። በናይሮቢ ሕግ አውጪው ምክር ቤት ሥራ የጀመረው በ1907 ነው። የመጀመሪያው አፍሪካዊ አባል፣ በኦክስፎርድ የተማሩት ሚስተር ኤሊዩድ ማቱ፣ የተሾሙት በ1944 ነው። በመካከሉ ያሉት 37 ዓመታት በሙሉ የአገሬው ሰው ስለ ራሱ አገር ዋጋ የሚጠየቅ አልነበረም።

ነገሩ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ግን በሳልዝቤሪ፣ በዛሬዋ ሐራሬ ነው። በ1953 ደቡብ ሮዴዥያ፣ ሰሜን ሮዴዥያና ኒያሳላንድ በአንድ ፌዴሬሽን ተጠቃለሉ። በሕገ መንግሥቱ መግቢያ ላይ በሕዝቦቹ መካከል ሽርክናና መተባበር እንዲጠነክር ተጽፎ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰር ጎድፍሬይ ሀጊንስ ይህን ሽርክና ከፈረስና ከፈረሰኛ ጋር ማመሳሰላቸው በብዙ መጻሕፍት ተመዝግቧል። ግልጽነታቸውን እናመሰግናለን። በፌዴሬሽኑ ሸንጎ ከነበሩት 35 አባላት 6ቱ አፍሪካውያን ነበሩ። እነዚህ ስድስት ሰዎች ጧት በሸንጎው ወንበር ተቀምጠው የተከበሩ እንደራሴ ተብለው ይጠራሉ፤ ድምፃቸው ይቈጠራል፤ ቃላቸው ይታተማል። ማታ ግን ከተማው ሆቴል ውስጥ አልጋ ሊከራዩ አይችሉም። በደቡብ ሮዴዥያ በ1930 የወጣው የመሬት ክፍፍል ሕግ ከአገሩ መሬት ግማሽ ያህሉን፣ ከተሞቹንም ጨምሮ፣ ለነጮች ለይቶ ነበርና፣ ክልከላው የባለሆቴሉ ጠባይ ብቻ አልነበረም፤ የሕግ ድጋፍ ነበረው።

ይህን ስናስብ አንድ ጥያቄ ይመጣብናል። ሰው በማይተኛበት አልጋ ጉዳይ ላይ ድምፅ መስጠት ይችላልን? መጀመሪያ ሲታይ «አዎን፣ ለምን አይችልም?» የሚያሰኝ ነው። ሕግ አውጪዎች ሁልጊዜ በማይገለገሉበት ነገር ላይ ይወስናሉ፤ ወንዶች ስለ አዋላጆች ይደነግጋሉ፤ ጤነኞች ስለ ሆስፒታል ይመክራሉ። እንግዲህ የማይገለገሉበት መሆኑ ብቻ ነውር የለበትም። ነውሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ድምፅ መስጠት ማለት «ይህ ሕግ ከሚመለከታቸው ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ፤ ወይም ልሆን እችላለሁ» ማለት ነው። ጤነኛው ነገ ሊታመም ይችላል። ያ እንደራሴ ግን በዚያ ሆቴል ነገም፣ ከነገ ወዲያም እንግዳ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ሸንጎው የሰጠው ወንበር ከተማው በነፈገው አልጋ ይሻራል። ሕጉ ጧት ከገዥዎች አንዱ ያደረገውን ሰው ማታ ደንብ ተላላፊ ያደርገዋል።

በ1954 ከሰሜን ሮዴዥያ የመጡት እንደራሴ ሚስተር ዳውቲ ያምባ በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ሁሉ ማናቸውም ዘር እኩል እንዲስተናገድ መንግሥት እንዲሠራ የሚጠይቅ ሐሳብ ለሸንጎው አቀረቡ። ሸንጎው ሐሳቡን ጣለው። ከተሰጡት መልሶች አንዱ ስለ ንጽሕና ነበር። ይህን መልስ በንቀት አንለፈው፤ ቀና ልብ ያላቸውም ሰዎች ስለሚደግሙት ሊመለስ ይገባዋል። የጥንቱ ሕግ እንግዳው «ለመስተናገድ በሚበቃ ሁኔታ ላይ» እንዲሆን መጠየቁን ከላይ አይተናል። የሰከረውን፣ የሚሳደበውን፣ ሌላውን የሚያውከውን ባለሆቴል እንዲመልስ ሕጉ ፈቅዶለታል። ነገር ግን ያ ፍርድ የሚሰጠው ሰውየው በፊቱ ከቆመ በኋላ፣ እሱኑ አይቶ ነው። የቀለም አጥር ግን ሰውየው ከመድረሱ በፊት ፈርዶ ይጠብቀዋል። በዚያው በ1954 በደቡብ ሮዴዥያ የመጀመሪያው አፍሪካዊ የሕግ ጠበቃ የሆኑት ሚስተር ኸርበርት ቺቴፖ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ፣ በከተማው መካከል እንደ ሙያ ባልደረቦቻቸው ቢሮ መያዝ ሕጉ የማይፈቅድላቸው ሆኖ ተገኘ። ለእኚህ ሰው ሲባል ሕጉ ተሻሻለ። ይህ መልካም ነው። ግን የሕጉን ባዶነት ከዚህ የበለጠ የሚገልጥ ምን አለ? አንድ ሰው በመጣ ጊዜ መሻሻል ያስፈለገው ሕግ፣ ስለ ሰው ሳያውቅ የወጣ ሕግ ነው።

በእኛም አገር በጠላት ወረራ ዘመን ይህን የመሰለ ነገር መታየቱን ሳናስታውስ አናልፍም። ክርክር የማይወደው የፋሺስት አገዛዝ በ1939 ባወጣው ሕግ፣ ለአገሬው ተወላጅ በተለየ የሕዝብ ቦታ የሚያዘወትረውን ጣሊያናዊ ሳይቀር በእስራትና በመቀጮ ይቀጣ ነበር። ከሁለቱ የትኛው ይከፋል? ያለ ኀፍረት የሚያዝዘው ነው ወይስ በሸንጎ ተከራክሮ፣ ድምፅ ቈጥሮ፣ ቃለ ጉባኤ ጽፎ የሚከለክለው? ጭካኔው በፋሺስቱ ይበልጣል። ነገር ግን ቃለ ጉባኤ ያለው ሰው «አላወቅሁም ነበር» ለማለት አይችልም፤ ሁሉን ሰምቶ እንደ ወሰነ በራሱ እጅ ጽፎታልና። በየካቲት 1962 የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ ነፃነት ታጋዮች ጉባኤ በአዲስ አበባ ሲደረግ፣ በገዛ አገራቸው ከተማ በሆቴል ማደር የተከለከሉ ሰዎች በእኛ ከተማ ሆቴሎች አድረዋል። ሚስተር ኔልሰን ማንዴላም በራስ ሆቴል ማረፋቸው ይነገራል።

ከክርክሮቹ ሁሉ ከባዱ ግን የንብረት ክርክር ነው። ባለሆቴሉ «ቤቱ የእኔ ነው፤ በገዛ ገንዘቤ ሠራሁት፤ ማን እንደሚገባበት የምመርጠው እኔ ነኝ» ይላል። የሳልዝቤሪ ባለሆቴል ብቻ አይደለም እንዲህ የሚለው። በ1964 በአሜሪካ አገር የዜጎች መብት ሕግ በወጣ ጊዜ፣ በአትላንታ ከተማ 216 ክፍል ያለው ማደሪያ ባለቤት ጥቁር እንግዳ እንዲቀበል መገደዱ ንብረቱን መንጠቅ፣ ይባስ ብሎም እሱኑ ባሪያ ማድረግ ነው ብሎ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ተከራክሮ ተረታ። የባርነትን ነገር ከእሱ አፍ መስማት ያስገርማል። ሆኖም የክርክሩ ሥር ሊታይ ይገባል፤ ቤት በእውነት ምስጢር ያለው ነገር ነው። ማንም ሰው በጓዳው ማንን እንደሚያስገባ መንግሥት እንዲያዝዘው አንፈቅድም።

ታዲያ ሆቴል ቤት ነውን? እኛ እንደሚመስለን ሆቴል ከቤት ይልቅ ወደ መንገድ ይቀርባል። ባለቤቱ በደጁ ላይ ስሙን ጽፎ፣ መብራት ሰቅሎ፣ ከሩቅ የሚመጣውን ሁሉ «ወደዚህ ና» ብሎ የጠራ ነው። የጠራውም ማንንም ለይቶ በስሙ አይደለም። ለሁሉ ጥሪ አሰምቶ ትርፉን ከሰበሰበ በኋላ፣ ከተጠሩት አንዱ ሲመጣ «ይህ የግል ቤቴ ነው» ማለት፣ ሲጠቅም ገበያ፣ ሲከብድ ጓዳ ማድረግ ነው። ስለ ደጉ ሳምራዊ የተነገረውን ምሳሌ ብዙ ጊዜ ሰምተናል፤ ስለ ሳምራዊው ቸርነትም ብዙ ተሰብኳል። ስለ ባለማደሪያው ግን ሲነገር አልሰማንም። ያ ሰው ሁለት ዲናር ተቀበለ፤ ቀሪውን በዱቤ አመነ፤ የቈሰለው ሰው የየት አገር ሰው እንደ ሆነ፣ ያመጣው ሳምራዊም ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ አልጠየቀም። ቸር መሆን አልተጠየቀበትም፤ ሙያውን ብቻ አደረገ። በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ መልሱ እዚህ ያለ ይመስለናል። ገንዘብ ሲገባ የአስተናጋጅ ግዴታ አይቀንስም። በገጠር ያለው ባላገር በሩን የሚከፍተው ስለ ነፍሱ ነው፤ ባይከፍት የሚጠይቀው እግዚአብሔር ነው። ባለሆቴሉ ግን የመክፈቱን ዋጋ ተቀብሏልና የሚጠይቀው ሰውም ነው።

በደቡብ ሮዴዥያ በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ሕጉ ላላ። ባለሆቴሎች ከፈለጉ ሁሉንም ዘር ለማሳደር የሚችሉበት መንገድ ተከፈተ፤ ጥቂቶችም ከፈቱ። በዚያን ጊዜ ይህ እንደ ትልቅ እርምጃ ተወርቶለታል። እኛ ግን «ይችላል» በሚለውና «አለበት» በሚለው ቃል መካከል ያለውን ርቀት መለካት እንወዳለን። የጥንቱ የእንግሊዝ ሕግ ባለማደሪያውን «አለብህ» አለው። አዲሱ የቅኝ ግዛት ሕግ «ትችላለህ» አለው። በሮዴዥያ መሠረት የሆነው የሮማና የደች ሕግ እንጂ የእንግሊዝ አይደለም የሚል የሕግ ዐዋቂ ይኖራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሕጉን የሚያወጡት ሰዎች በእንግሊዝነታቸው የሚመኩ ስለ ነበሩ፣ ከአባቶቻቸው ሕግ የቱን እንደ ወሰዱና የቱን እንደ ጣሉ መጠየቅ ፍትሕ ነው። በራሷ በእንግሊዝም ቢሆን ፍርድ ቤት ከፈረደ ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ1965፣ በሆቴልና በምግብ ቤት በዘር መለየትን የሚከለክል ሕግ ማውጣት አስፈልጓል። ያንን ሕግ ከሚያስፈጽሙት ሰዎች አንዱ ሆነው የተሾሙት እኚያው ኮንስታንታይን ነበሩ።

በሩ በተከፈተ ጊዜ ደግሞ ዋጋው ይጠብቃል። በሳልዝቤሪ ቀን ሙሉ የሠራ አፍሪካዊ ደመወዙ ለሆቴል አዳር የሚተርፍ አልነበረም። «ማንም ሊገባ ይችላል፤ ይክፈልና ይግባ» ማለት በዚያ አገር የሚያስከፍለው ነገር አልነበረም። ስለዚህም ዋጋና በር በአንድ ዐረፍተ ነገር እንዲታሰሩ የደነገጉት የጥንት ዳኞች ያዩትን፣ ኋላ የመጡት ሕግ አውጪዎች ሳያዩ ቀርተዋል፤ ወይም አይተው ዝም ብለዋል።

አንባቢ «ይህ ሁሉ የባዕድ ታሪክ ነው፤ በእኛ አገር የቀለም አጥር የለም» ሊል ይችላል። በ1952 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ስለ ሆቴል ባለቤትና ስለ እንግዳው ግዴታ የሚናገር ክፍል አለው። ሆኖም ባለፉት ዓመታት በመሥሪያ ቤት ጉዳይ ከአንድ ባልደረባችን ጋር ወደ አንዲት የወረዳ ከተማ ሄደን ያየነውን ሳንናገር ብንቀር፣ የሰውን ጉድፍ ብቻ ያየን እንሆናለን።

የክረምት ማታ ነበር። እኛ ክፍል ይዘን በመዝገቡ ላይ ስማችንን ስንጽፍ አንድ ሽማግሌ ገቡ። ጋቢያቸው በዝናብ ረጥቦ፣ እግራቸው ጭቃ ነክቶ፣ ዱላቸውን በበሩ አጠገብ አቁመው ነበር። ለፍርድ ቤት ቀጠሮ እንደ መጡ፣ ዘመድ እንደሌላቸውም ተናገሩ። ጸሓፊው ቀና ሳይል «አልጋ የለም አባባ፤ ሞልቷል» አላቸው። ከጀርባው ቍልፎች በሰሌዳው ላይ በተርታ ተንጠልጥለው ነበር፤ እኛም አየናቸው፤ ሽማግሌውም አዩአቸው። ከሰሌዳው አጠገብ የአልጋ ዋጋ ዝርዝር ማኅተም ተደርጎበት ተለጥፎ ነበር። ሽማግሌው ወደ እኛ ዘወር ብለው «ጌታዬ፣ ያ ወረቀት ምን ይላል? ያንብቡልኝ» አሉን። የአልጋው ዋጋ መሆኑንና ስንት እንደ ሆነ ነገርናቸው። ከመሐረባቸው ጫፍ የተቋጠረ ብር ፈትተው ቈጠሩና «እሱስ አለኝ» አሉ። ጸሓፊው «ሞልቷል አልኩ እኮ» አለ። ባልደረባችን ክንዳችንን ነካ አድርጎ «መሽቷል፤ ነገ ሥራ አለብን» አለን። ሽማግሌው ብሩን መልሰው ቋጠሩ፤ «እግዚአብሔር ያክብርልኝ» ብለውን ዱላቸውን አንሥተው ወጡ። እኛም ቍልፋችንን ተቀብለን ወደ ክፍላችን ሄድን።

ከተመለስን በኋላ የውሎ አበል ሒሳባችንን ስናወራርድ የገንዘብ ያዡ ደረሰኙን አገላብጦ መረመረ። ዋጋው በግድግዳው ላይ ከተለጠፈው አንድ ሳንቲም እንኳ አልተለየም ነበርና፣ ፈርሞ ተቀበለን።